እጄን ያላነሳሁበት መንገድ

ቀርቀሃ በገጀራ ሲመታ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው። ቀጥ አድርጌ ልቁረጠው ያለ ሰው ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቀርቀሃ ጫካ ውስጥ ሰው በሚረግጥበት ሥፍራ ሁሉ የሾለ ጉቶ አለ፤ የረገፈው ቅጠል ስለሚሸፍነው ደግሞ አይታይም። በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም። ቤቱም አጥሩም ጎተራውም ቅርጫቱም ከቀርቀሃ ስለሚሠራ ጉቶ ፈርቶ ከጫካ የቀረ ወንድ ግን አላየሁም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርቀሃ አልወድም። የቀርቀሃ ወንበር አምጥተው "ተቀመጪ" ሲሉኝ እንኳ እያጉረመረምኩ ነው የምቀመጠው፤ ልጆቼም ይስቁብኛል።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ትዳር ከያዝኩ ብዙም ሳይቆይ ነው። የምንኖረው ከጥርባ ሐይቅ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የሰርግ ወር። ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ ከጎረቤት ሰዎች ጋር ለአዲስ ጎተራ የሚሆን ቀርቀሃ ሊቆርጡ ወጥተው ስለነበር እኔ ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ባለቤቴ ሸክሙን በትከሻው አድርጎ ቁልቁል ሲመጣ አየኝና በአገውኛ "ዛሬስ ሳይቀዘቅዝ ደረስሽ" ብሎ ቀለደብኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት እግሩ ከዳው። ሸክሙ ወደ ኋላ ጎተተውና ዱብ ብሎ ተቀመጠ። አልጮኸም። ራሱ ተነሣ፤ "ምንም አልሆንኩ" አለ። ከዚያ ደሙ በሱሪው ላይ ሲወርድ ሁላችንም አየን።

ጉቶው የገባው ከብሽሽቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በጭኑ የውስጥ በኩል ነው። ደሙ እንደ ሌላ ቁስል ደም የሚንጠባጠብ አልነበረም፤ እየዘለለ ነው የሚወጣው። መቀነቴን ፈትቼ፣ ጠቅልዬ ቁስሉ ውስጥ ወተፍኩና በጡጫዬ ተጫንኩት። ቆመ። ወንድሙ መጫኛ ይዞ መጣ። እኔ ወንድሙን "አያ" ነበር የምለው፤ እርጋታው የሚያናድድ ሰው ነው።

"እጅሽን አንሺና ልሰረው" አለኝ።

አነሳሁ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። መጫኛውን ቢያስረውም ቦታው የጭኑ መነሻ ላይ ስለሆነ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መልሼ ተጫንኩ፤ ቆመ። እሱም በራሱ ጡጫ ሞከረ፤ ትልቅ ስለሆነ ደሙ በጎን አመለጠው። የእኔ ጡጫ ትንሽ ነው፤ ጉቶው በከፈተው ቦታ ልክ ገባ። ትንሽ እጅ ስለሰጠኝ ፈጣሪን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ሳንነጋገር ሁላችንም አንድ ነገር ገባን፤ ያ እጅ ከዚያ ቦታ ከተነሣ ባለቤቴ ይሞታል።

እኛ የምናውቀው፣ ቁስል የሚሰፋ ድሬሰር ያለው ዳንግላ ነበር። ዳንግላ ለመድረስ በዘንገና ሐይቅ በኩል ወርዶ የመኪናውን መንገድ ማግኘት፣ ከዚያ ደግሞ የሚያልፍ የጭነት መኪና ማስቆም ያስፈልጋል። መኪናው ካለፈ አለፈ ነው፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ሾፌሮቹም አያውቁት። አምቡላንስ የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። የእኛ አምቡላንስ ጩኸት ነበር። ጎረቤቶቻችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ኡኡ አሉ፤ ኡኡታውን የሰማ ሁሉ መጣ።

ከመጡት መካከል ሙሽራ ሊያመጡ የሚሄዱ ፈረሰኞች ነበሩ። ፈረሶቻቸው በቀይና በቢጫ ጥለት አጊጠዋል፤ ቃጭላቸው ከሩቅ ይሰማል። አያ ወደ እነሱ ሄዶ፣ "ቀድማችሁ ውረዱ። ወደ ዳንግላ የሚሄድ መኪና ከመጣ መንገዱን በፈረስ ዝጉበት፤ እስክንደርስ አታሳልፉት" አላቸው። አንድም ሰው ሰርጉን አላነሳም። ፈረሶቹን አዙረው ጋለቡ።

የቀሩት ሁለት ረዥም ቀርቀሃ ቆርጠው፣ ጋቢያቸውን በመካከሉ ወጥረው ቃሬዛ አበጁ። ሕመምተኛ እኛ ዘንድ የሚሸከሙት በትከሻ ነው። አራት ሰው ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ሲሉ እጄ አብሮ ተሰቀለና በእግሬ ጣት ቆምኩ። አጭር ነኝ፤ ከትከሻቸው በላይ አልደርስም።

"ዝቅ አድርጉት!"

"በእጅ ተንጠልጥሎ እስከ ታች አይዘለቅም፤ እጃችን ይበጠሳል" አለ አንዱ።

"ይበጠስ!" አልኩት። ሰውየውን በደህና ቀን እንዲህ ብናገረው ይጣላኝ ነበር። ዝቅ አደረጉት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ በእጃቸው እንዳንጠለጠሉት፣ ቶሎ ቶሎ እየተቀያየሩ ሄዱ።

ከመነሳታችን በፊት አያ የባለቤቴን ፊት በጋቢው ጫፍ ሸፈነው። ቁስለኛ ፊቱ ለመንገደኛ አይገለጥም፤ የሰው ዓይን ይወጋዋል ይባላል። እኔም ተው አላልኩትም፤ እንደዚያ ሲደረግ እያየሁ ነው ያደግሁት።

መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። ተሸካሚዎቹ መንገዱን ስለያዙት እኔ ከመንገዱ ውጪ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በድንጋዩና በእሾሁ ላይ ነበር የምሄደው። ቀሚሴን እሾህ ሲይዘው አልቆምም፤ ይቀደዳል። ለጋ ቀርቀሃ ደግሞ ይለጠጣል፤ በየእርምጃው ቃሬዛው ከፍ ዝቅ ሲል እጄም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ጡጫዬ ትንሽ ሸተት ትላለች። ያኔ ትኩስ ነገር በጣቶቼ መካከል ይወርዳል፤ እኔም አጥንቱ እስኪሰማኝ እጫነዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያወራ ነበር። "የቆረጥነውን ቀርቀሃ ከብት እንዳይረግጠው" አለ። እኔም፣ "አንተ ጉቶ ላይ ቁጭ ብለህ ስታበቃ ስለ ቀርቀሃ ታስባለህ?" አልኩት። ከጋቢው ሥር የሳቀ መሰለኝ። ቀጥሎ ውኃ ጠየቀ፤ አያ በቅል አጠጣው። ከዚያ ስሜን ጠራ። አቤት ስለው ሌላ አልጨመረም። ዝም እንዳይል ብዬ ሰደብኩት፤ የእናቱን ቤት ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁበት፤ ወትሮ ይህን ሰምቶ የሚታገሥ አይደለም። ዝምታው ከደሙ ይልቅ አስፈራኝ።

ወደ ዘንገና ስንቃረብ ከሐይቁ ወዲህ የአክስቱ መንደር አለ። አክስቱ የእናቱ ታናሽ እህት ናቸው፤ እሱን ጡት እስኪጥል ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፈረሰኞቹ በዚያ መንደር በኩል ነው የጋለቡት። ለማንም አንዳች ነገር ለመናገር አልቆሙም። እኛ ዘንድ ያጌጠ ፈረስ የሚወጣው ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለትልቅ ሰው ለቅሶ ነው። የመንደሩ ሰው ያጌጡ ፈረሶች ያለ ዘፈን፣ ፊታቸውን ያጠቆሩ ሰዎች ተቀምጠውባቸው ሲያልፉ አየ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ፊቱ የተሸፈነ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ አየ። ከቃሬዛው ጎን ደግሞ ጸጉሯ የተበተነ፣ ልብሷ የተቀደደ፣ ፊቷ በደም የተበላሸ ሴት ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ምን ይበሉ?

ለቅሶው ከአፋፉ ላይ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁልቁል ሮጡብን፤ ወንዶቹ ተከተሉ። አክስቱ አያን አይተው ማን እንደሆነ ስላወቁ ከፊት ናቸው፤ ደረታቸውን እየደቁ።

አያ ያን ጊዜ ነው የጮኸው፤ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "አልሞተም! ሰዎች፣ አልሞተም!"

እስቲ ለቅሶ ላይ ቆማችሁ ስሙ። ወንድሙ የሞተበት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። "አልሞተም፣ ወንድሜ አልሞተም" እያለ ነው የሚወድቀው። የመንደሩ ሰው አያን በሁለት ወገን ደግፈው ያዙና፣ "ጽና፣ አይዞህ፣ ጽና" አሉት። በጮኸ ቁጥር አጥብቀው ያዙት።

መንገዱ በሰው ተዘጋ። ተሸካሚዎቹ "ልቀቁን" ቢሉ የሚሰማ የለም፤ እጃቸውም ስለዛለ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡት። ሬሳ በመንገድ ሲያርፍ ለቅሶው ይብሳል። አክስቱ ከራስጌው ተንበርክከው ማሞገስ ጀመሩ፤ ፈረስ አያያዙን፣ የሰውን እርሻ ሳይጠሩት ሄዶ ማገዙን፣ ትንሽ ልጅ ሳለ እንዴት እንደሚስቅ። ድምፃቸው ያምር ነበር፤ ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ባሏ የሞተባት ሴት ሬሳው ላይ ወድቃ ራሷን እንዳትጎዳ ከሬሳው ማላቀቅ የደግ ሰው ሥራ ነው። ሁለት ሴቶች ከኋላ ብብቴን ያዙ፤ አንዷ የእጄን አንጓ ያዘች፤ ያንን እጄን። "ነይ ልጄ፣ በቃ፣ ነይ" ትላለች እያለቀሰች። "ተይኝ፣ እየደማ ነው፣ ተይኝ!" አልኳት። "አዎ የእኔ እናት፣ አዎ" አለችና ጎተተችኝ። ጎንበስ ብዬ እጇን ነከስኳት። ጮኸች፤ ግን ሌላ ሴት ተተካች። "አእምሮዋ ተነካ፣ አጥብቃችሁ ያዟት" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጡጫዬ ተንሸራተተ። ደሙ ክንዴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። በግራ እጄ ጋቢውን ጨብጬ፣ በጉልበቴ ቃሬዛውን ይዤ ቁስሉን መልሼ አገኘሁት። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ከጎተቱኝ እንደማልችል አወቅሁ። ብለምን ልቅሶ ይመስላቸዋል፣ ብጮህ ልቅሶ ይመስላቸዋል፣ እውነቱን ብናገር ልቅሶ ይመስላቸዋል። ልቅሶ የማይመስል ነገር አንድ ብቻ ቀረኝ።

እልል አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ግን ወጣ፤ የልጅ ልደት ላይ እንደሚባለው ረዥም እልልታ። ደገምኩት። የያዙኝ እጆች ለቀቁኝ። አክስቱ ሙገሳቸውን በመሐል አቋረጡ። በሬሳ ፊት እልል የሚል ሰው አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው አፉን ይዞ ቀረ። አንድ ሽማግሌ፣ በንዴት ይመስለኛል፣ ሊመታኝ መቋሚያውን አነሣ። እኔ ግን እልል እያልኩ በግራ እጄ የባለቤቴን ፊት ገለጥኩት።

ሽማግሌው የእልልታዬ ነገር ገባው መሰለኝ፣ መቋሚያውን ጣለ። ወድቆ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ። ሁላችንም እሱን አየን። በጣም ቆየ።

"ነፍስ አለው" አለ።

አክስቱ አላለቀሱም፣ እልልም አላሉም። ተነሥተው የቆሙትን ጎረምሶች በጥፊ መምታት ጀመሩ። "ምን ትገተራላችሁ? አንሡት!" ቃሬዛው ተነሣ። አሁን የሚሸከም አልጠፋም፤ ያ ሊያለቅስ የመጣ ሁሉ ሸካሚ ሆነ። ከፊት የሚሮጡት መንገድ ላይ ያለውን እሾህና ድንጋይ ያነሡልኝ ነበር። ሴቶቹም ሌላ መንደር እንደ እነሱ እንዳይሳሳት እልል እያሉ ተከተሉን። የነከስኳት ሴት ቀሚሴን ከኋላ ሰብስባ ይዛልኝ ትሮጣለች። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

መኪናው መንገድ ስንደርስ ፈረሰኞቹ አንድ ጨው የጫነ መኪና አቁመዋል። ሾፌሩ የከተማ ሰው ነው፤ አገውኛ አይሰማም። መኪናው ፊት ያጌጡ ፈረሶች ተደርድረው፣ ከዳገቱ ደግሞ እልልታ ሲወርድ ጊዜ ሰርግ መስሎት ጥሩምባውን ሲያስጮኽ ቆይቷል። ቃሬዛውን ሲያይ ወረደ።

"ሰርግ ነው ለቅሶ?" አለ።

እኔ በአገውኛ መለስኩለት፤ አማርኛው ከአፌ ጠፍቶ ነበር። አያ ተረጎመለት። ሾፌሩ የባለቤቴን ፊት አየና ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ሰው ሞቷል። ብጭነው ዳንግላ ላይ ፖሊስ የሚይዘኝ እኔን ነው። ሬሳ አልጭንም" አለ።

አማርኛዬ ያኔ ተመለሰ። "ጌታዬ፣ አልሞተም። ይምጡና ይንኩት" አልኩ።

"አይቻለሁ።"

"አላየህም!" አልኩት፤ ጌታዬ ማለቴ እዚያ ላይ አበቃ። "እጅህን አምጣ። እዚህ ከእጄ ሥር አስገባ። የሞተ ሰው ደም እንዲህ ይገፋል?"

ሰው ሁሉ እያየው ስለነበር እምቢ ማለት አቃተው። ጎንበስ ብሎ ሁለት ጣቱን ከጡጫዬ ጎን፣ ከቁስሉ ከፍ ብሎ አስገባ። ፊቱን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም። እኔም አሁንስ አልቆለት ይሆን አልኩ። ከዚያ ሾፌሩ ጣቱን በፍጥነት አወጣ፤ ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ "ጫኑት፣ ቶሎ ጫኑት" አለ።

የጨው ጆንያው ላይ አጋደሙት፤ እኔ አጠገቡ ተንበረከክሁ፤ አያ ሁለታችንንም እንዳንወድቅ አቅፎ ያዘን። የዚያን ጊዜ መንገድ ኮረት ነው። ሾፌሩ ቢያፈጥን ቃሬዛው ይዘላል፣ ቢያዘግም ሰውየው ያልቃል፤ አያ የጋቢናውን ጣሪያ እየደበደበ አንዴ ፍጠን አንዴ ቀስ በል ይለው ነበር። ክንዴ ደንዝዞ ነበር። እየተጫንኩ መሆኔን በእጄ ማወቅ ስላቃተኝ በዓይኔ ነበር የምጠብቀው፤ ደሙ እንዳይወጣ ዓይኔን ሳላርገበግብ አየዋለሁ። ሳግ ሲመጣብኝ እንኳ እውጠው ነበር፤ ሳግ እጅን ያነቃንቃል።

ዳንግላ ገበያ ቆሞ ነበር። ጋሪዎቹ ዳር ያዙልን፤ ሱቃቸው በር ላይ የቆሙ ነጋዴዎች ወጥተው በሬውንም ፍየሉንም ከመንገድ ገፉልን። ክሊኒኩ በር ላይ ድሬሰሩ ነጭ ጋዋኑን ሳይቆልፍ ወጣ። ባለቤቴን አየ፣ እጄን አየ።

"እህቴ፣ እስክነግርሽ እንዳታነሺ" አለኝ። እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ልስመው ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ መቀሱንና መቆንጠጫውን አዘጋጅቶ፣ "አሁን" አለኝ። እጄ እምቢ አለ። ላንሣው ብል ጣቶቼ አይከፈቱም፤ መቀነቱን ጨብጠው ደርቀዋል። ድሬሰሩ አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። የመጨረሻው ሲለቅ ደሙ ፈነዳ፤ ድሬሰሩ መቆንጠጫውን አስገባ፤ ሳተ፤ መልሶ አስገባ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ደሙ ቆሟል። ድሬሰሩ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ "ሌሊቱን ካደረ ይተርፋል" አለን። አደረ።

በማግሥቱ ዓይኑን ገለጠ። አያን አነጋገረው፣ ድሬሰሩን አነጋገረው፣ ሾርባ ያመጣችልንን የክሊኒኩን ጎረቤት ሴት እንኳ አመሰገናት። እኔን ግን አያናግረኝም። ስጠጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ድሬሰሩን ብጠይቀው፣ "ደም ያነሰው ሰው ጠባዩ ይለወጣል፣ ተይው" አለኝ። ተውኩት። ያን ሁሉ መንገድ የተጎተትኩት ግድግዳ ሲያይ ላየው ነው እንዴ እያልኩ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ራቅ አድርጌ አስቀምጥለት ነበር።

ሁለተኛው ቀን ሲመሽ አያ ወጣ ብሎ ሳለ፣ ባለቤቴ ግድግዳውን እያየ፣ "ያን ቀን እልል ያልሽው ለምንድን ነው?" አለኝ።

"ሰምተህ ነበር?"

"ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዓይኔን መግለጥ፣ አፌን ማንቀሳቀስ ነው ያቃተኝ። አክስቴ ሲያሞግሱኝ ሰማሁ። ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩ። አልከፋኝም። አያምም፣ አይበርድም፤ ያን ያህል ሰው ካለቀሰልኝ በቃኝ፣ ልሂድ ብዬ ነበር። ከዚያ የአንቺን ድምፅ ለየሁት። ይቺ ሴት በሞቴ ደስ ብሏት እልል አለች አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ለምን ብዬ ሳልጠይቃት አልሞትም አልኩ።"

ነገርኩት። የያዙኝን ሴቶች፣ አያ አልሞተም ብሎ ሲጮህ ሰው እንዴት እንዳጽናናው፣ ሌላ የሚሰማ ቃል አጥቼ እልል ማለቴን ነገርኩት። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰና ያልተዘረጉትን ጣቶቼን ይዞ፣ አንድ በአንድ ያሻቸው ጀመር። መንገዱን ሁሉ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። ስለ ሁለቱ ቀን ልቆጣው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።